የተራቡት መደቦች

ያ መሬት ዛሬ ቡና ነው። ከኮንጋ ቡና ማጠቢያ ወደ ላይ የሚወጣውን የእግር መንገድ ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ በስተግራ ያለው ተዳፋት ከቀረው ሰፈር ምንም አይለይም። ቡናው ጥቅጥቅ ብሏል፣ የጥላ ዛፉ በላዩ ላይ ተዘርግቷል፣ እታች እንሰትና ጎመን ተሰግስጓል። ተማሪዎቼን ይዤ በዚያ ሳልፍ እግሬ ለምን እንደሚዘገይ አይገባቸውም። እኔ ያንን ተዳፋት የማውቀው ራቁቱን ነው። ያረጀው ቡና ተነቅሎ አዲሱ ችግኝ እስኪደርስ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ፀሐይ እንደልቧ ትወርድበት ነበር፤ በዚያ ዓመት የኔ ቦሎቄ በቀለበት።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር ወደ ዲላ የመጣሁት ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ባቄላውንም ሽምብራውንም በእጁ እየበተነ የሚዘራ ገበሬ ነበር። የቦሎቄ ተክል ከጎረቤቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ላጠና እንደምሄድ ስነግረው፣ «እንግዲህ ለዚህም ትምህርት ቤት አለው!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ጥናቴ ግን በእርግጥም እሱው ነበር፤ ርቀትና ማዳበሪያ። ቦሎቄ ተራርቆ ሲተከል እያንዳንዱ እግር ብርሃንም አፈርም ይጠግብና ቅርንጫፉን ዘርግቶ ብዙ እሸት ይይዛል፤ ነገር ግን በመሬቱ ላይ ያሉት እግሮች ጥቂት ናቸው። ተጠጋግቶ ሲተከል እግሩ ይበዛል፤ ግን እርስ በርሱ ይሻማል፣ ይቀጥናል፣ ከሥር ይታፈናል። ማዳበሪያውም እንዲሁ ነው። ቦሎቄ ከሥሩ ላይ በሚያበቅላቸው ትንንሽ እብጠቶች አማካይነት ከአየር ላይ ጥቂት ምግብ ለራሱ ማዘጋጀት ይችላል፤ የቀረውን ከአፈር ይጠብቃል፣ አፈሩ ከደከመ ደግሞ ከሰው እጅ። መሃሉ የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ዓይነት ጎን ለጎን መትከል ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲው የሙከራ ማሳ በዚያ ዓመት ከእኔ በፊት በመጡ ተማሪዎች ተይዞ ነበር። «ከገበሬ ማሳ ፈልጊ» አለኝ አማካሪዬ። አማካሪዬ ዝምተኛ፣ ብዙ የማያወራ፣ ከተናገረ ግን የማይደግም ሰው ነው። እኔም ፍለጋ ወጣሁ። በጌዴኦ ምድር ባዶ መሬት መፈለግ በገበያ ቀን ባዶ ሚኒባስ እንደመፈለግ ነው። ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ጎመን፣ ከጎመኑ ሥር ደግሞ ያልለየሁት አንድ ነገር አለ። እኔ እንዳደግሁበት አገር ዓይን አሻግሮ የሚያየው ሜዳ የለም። መጨረሻ ላይ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ፣ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ያረጀ ቡናቸውን አስነቅለው ችግኝ እየጠበቁ መሆኑን ነገረኝና በሞተር ሳይክል አድርሶኝ ተመለሰ።

ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት። ጉዳዬን በሙሉ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ቦሎቄ ትተክላለህ?» አሉኝ።

እኔ ሴት ነኝ። እማማ ግን አማርኛን የለመዱት ከይርጋጨፌ ገበያ ነበርና «አንተ»ና «አንቺ» የሚሉት እንደመጣላቸው ነው። ለኔ «አንተ» ደረሰኝ፤ እስከ ዛሬም እንዳለ ነው።

«አዎ፣ እማማ። አንድ ወቅት ብቻ። ምርቱ የእርስዎ ነው፤ እኔ የምፈልገው መለካቱን ነው።»

«ምርቱን ትተህ ልኩን ትወስዳለህ?»

«አዎ።»

«ይሁን» አሉ። «መሬት ብቻውን ከሚሆን ይሻለዋል።»

በመጋቢቱ ዝናብ ሲባጎ ዘርግቼ፣ ችካል ተክዬ፣ መሬቱን በትንንሽ መደቦች ከፋፈልሁት። አንዳንዱ መደብ ጠባብ መስመር፣ አንዳንዱ መካከለኛ፣ አንዳንዱ ሰፊ። በየዓይነቱ ደግሞ ሙሉ ማዳበሪያ የሚያገኝ፣ ግማሽ የሚያገኝና ምንም የማያገኝ ነበር። እያንዳንዱ ዓይነት በተለያየ ቦታ ተደጋግሞ ነበር፤ ቦታቸውም እንዳያዳላ በዕጣ የወጣ ነውና ሙሉ ከሚያገኘው አጠገብ ምንም የማያገኘው ሊሆን ይችላል። እማማ የቡና ግንድ ላይ ተቀምጠው ሙሉውን ቀን ሲመለከቱኝ ዋሉ። ማዳበሪያውን በየመስመሩ እያዳረስሁ ሳልፍ አንዱን መደብ ዘለልሁ።

«ረሳህ» አሉኝ በእጃቸው እያመለከቱ።

«አልረሳሁም እማማ። ይሄ ምንም አያገኝም። ለማነጻጸር ነው።»

«ምንም?»

«ምንም። ከሌላው ጋር ሲተያይ ማዳበሪያው ምን እንደጨመረ የሚታወቀው በሱ ነው።»

«ጎረቤቱ እየበላ?»

ሳቅሁ። እማማ አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

በሳምንቱ መሃል ትምህርቴን ዲላ እከታተላለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በይርጋጨፌ ሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ኮንጋ እደርሳለሁ። እማማ ቤት አድሬ ቅዳሜና እሑድ እለካለሁ፣ አርማለሁ፣ እጽፋለሁ። እነዚያ ዓርቦች አሁንም ይናፍቁኛል። ሞተረኛው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ቅዝቃዜው ፊቴን ይመታኛል፣ ልብሴ ላይ ቀይ ጭቃ ይረጫል፣ ከየጓሮው ጭስ በዛፉ መሃል ተንጠልጥሎ ይታያል። እማማ ቆጮውን በጎመን አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ቆጮ መጀመሪያ አልወደድሁትም ነበር። አንድ ቀን ሳላውቀው ይጨምሩልኝ ማለት ጀመርሁ።

ቦሎቄው በቀለ። አንድ ዓርብ ስደርስ ሰፊ መስመር ባላቸው መደቦች ውስጥ፣ በመስመርና በመስመር መካከል የጎመን ችግኝ ተሰድሮ አገኘሁ። ጥሩ ችግኝ ነበር፤ ውሃም ጠጥቷል።

«እማማ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎመን።»

«ጎመን መሆኑንማ አየሁ። ለምን እዚህ?»

«ባዶ ነበር» አሉ፣ ነገሩ ከዚህ በላይ ማስረዳት እንደማያስፈልገው። «ሰው ያየኛል። ባሏ ሲሞት መሬቷን ራቁቱን ተወች ይላል።»

ጎመኑ የቦሎቄውን ምግብና ብርሃን ስለሚሻማ ልኬቴን እንደሚያበላሽብኝ፣ ባዶው ቦታ ራሱ የጥናቱ አካል እንደሆነ አስረዳኋቸው። ነቅዬ ከቤታቸው ጀርባ መልሼ ተከልሁላቸው። በማሳው ውስጥ ምንም እንዳይተክሉ ቃል አስገባኋቸው። እማማም ቃላቸውን ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅጠል አልተከሉም።

ቦሎቄው ማበብ ሲጀምር ግን አንድ የሚገርም ነገር መጣ። ማዳበሪያ ያላገኙት መደቦች ግማሽ ካገኙት ይልቅ ወፍረውና ጠቁረው ይታዩ ጀመር። ቅጠላቸው ሰፊ፣ ግንዳቸው ጠንካራ። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርሁ። ለካሁ፤ እውነት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጨምረው አገኘኋቸው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የኮንጋ አፈር አንድ ምሥጢር አለው፣ እኔም አገኘሁት ብዬ አመንሁ። በሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ የጥናቴን ርዕስ በልቤ እየቀያየርሁ ዲላ ገባሁና አማካሪዬ ቢሮ ሄድሁ።

«ማዳበሪያ ያላገኘው በለጠ?» አለኝ።

«በለጠ።»

«በሁሉም ድግግሞሽ?»

«በሁሉም።»

ኮፍያውን አነሣ። «እንሂድና እንየው።»

እማማ እንግዳ ሲያዩ ወንበር አወጡ። አማካሪዬ አመስግኖ ሳይቀመጥ ወደ ማሳው ወረደ። አንዱ መደብ አጠገብ ተንበረከከና በጣቱ ከቦሎቄው ሥር ያለውን አፈር ጫር ጫር አደረገ። ጥቁር ነገር ወጣ። አሸተተው። ወደ ሌላው መደብ ሄደ፣ እሱንም ጫረ። ከዚያ ማዳበሪያ ያገኘውን ጫረ፤ እዚያ ቀይ አፈር ብቻ ነው። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ፍግ ነው» አለ። «በደንብ የበሰበሰ። ከአመድ ጋር።»

ሁለታችንም ዞረን ወደ እማማ ተመለከትን። እማማ አልሸሹም፣ አልካዱም። እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ!»

«መትከል ክልክል አልከኝ፤ አልተከልሁም። ማብላት ክልክል አላልከኝም።»

አማካሪዬ ፊቱን ወደ ቡናው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መሆኑን አወቅሁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የዚያ ወቅት ሥራ በሙሉ ማነጻጸሪያ አጣ። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ሌላ ወቅት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው። ንዴቴን መዋጥ አቃተኝና «ዓመቴን አቃጠሉት!» አልኋቸው፤ ጮኼም ነበር። አማካሪዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ነሐሴ ላይ ድገሚው። ዝናቡ ይበቃል» አለና በመጣበት ሞተር ሳይክል ሄደ።

እኔም ልብሴን ሰብስቤ ልከተለው ነበር። እማማ በር ላይ ቆሙብኝ።

«ብላና ሂድ።»

«አልራበኝም።»

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ የማላውቀው ነገር ስለነበር ተቀመጥሁ። እሳቸውም ከመድረኩ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ማሳው እያዩ እንጂ ወደ እኔ እያዩ አልነበረም የተናገሩት። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ እንሰቱ በበሽታ ጠውልጎ ጓሮው በሙሉ የወደቀበት ዘመን ነበር። ቡናውም በዚያው ዓመት ፍሬ አልያዘም። ባላቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ገደብ ከተማ ወጥተው ነበር። አንዱ ልጅ ታሞ ተኝቷል። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ጊዜ ገንፎ የሚሆን ቡላ ብቻ ነው።

«ለታመመው ሰጠሁ» አሉ። «ለሌሎቹ ውሃ ጠጡ አልኩ። አላለቀሱም። እዚህ፣ አሁን አንተ ያለህበት፣ ተደርድረው ተቀምጠው እሱ ሲበላ አዩት። በቃ አዩት።»



«ሞቱ?» አልሁ ፈርቼ።

«የለም! አደጉ። ሁሉም አደጉ። አንዷ አሪቻ ቀበሌ አግብታ አለች። አንዱ ገደብ ይነግዳል። የታመመውም ድኖ ሞያሌ ሾፌር ሆነ። ግን ያ አተያያቸው...» በእጃቸው ደረታቸውን ነኩ። «ጠዋት ስነሣ ያንተ ቦሎቄ እንደዚያ አየኝ። አንዱ ወፍሮ፣ ጎረቤቱ ቢጫ ሆኖ። አንድ ቀን አለፍኩ። ሁለተኛው ቀን አልቻልኩም።»

የቀረበልኝን በላሁ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ አብረን አረምን።

በሐምሌ ያንን ምርት አጨድን። ለጥናቱ አይሁን እንጂ ለቤቱ ጥሩ ምርት ነበር፤ እማማ ለአሪቻዋ ልጃቸው ሳይቀር ላኩ። እኔም ሁለተኛውን ሙከራ ሌላ ቦታ ላደርገው እችል ነበር። አማካሪዬም ጠይቆኛል፤ «እዚያው ትመለሻለሽ?» አለኝ። «እዚያው» አልሁት። ለምን እንደሆነ ለራሴም በቅጡ አላስረዳሁም። ከይርጋጨፌ መንገድ ሌላ መንገድ መልመድ የማልፈልግ ይመስለኝ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ግን ከመትከሌ በፊት እማማን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጥናቱ ለማን እንደሚጠቅም፣ ማዳበሪያ ውድ በሆነበት ዘመን ገበሬ ግማሹ ይበቃዋል ወይስ ሙሉው ያስፈልገዋል የሚለውን ማወቅ ብዙ ቤት እንደሚረዳ፣ ያንን ለማወቅ ደግሞ አንዳንዱ መደብ መራብ እንዳለበት። በማሳው ጠርዝ ላይ ከሙከራው ውጭ የሆነ የራሳቸው መደብ ለየሁላቸው፤ እንዳሻቸው ያብሉት፣ ጎመንም ይትከሉበት። እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሲያልቅ፣ እነሱም ይበላሉ?»

«ቦሎቄው ከታጨደ በኋላ?»

«መሬቱ አለ እኮ።»

«ይበላል» አልኋቸው። «አብረን እናበላዋለን።»

በነሐሴ ተከልን። ትምህርቱ ስላለቀ ያን ጊዜ የዲላውን ክፍሌን ሳልለቅ ልብሴን ይዤ እማማ ቤት ገባሁ። ጠዋት ጭጋጉ ከማሳው ላይ ሲነሣ፣ ችካሎቼ አንድ በአንድ ከነጭ ውስጥ እየወጡ ይታዩኛል። የቦሎቄ ቅጠል ላይ ጤዛ ሲያርፍ መሃሉ ላይ ይጠራቀማል፤ እሱን እያራገፍሁ ቁመት እለካለሁ። እማማ ከጓሮ ሆነው በጌዴኦኛ ይጠሩኛል፤ መልሱን በጌዴኦኛ ስሞክር ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። እነዚያ ጠዋቶች ረጅም ነበሩ። ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ የሌሎችን ጥናት ሳርም፣ በነሱ ጽሑፍ ውስጥ የማይታየው ነገር እሱ ነው፤ ጤዛው፣ የእጅ መቀዝቀዙ፣ አንዲት እግር ቦሎቄ ከትናንት ወዲያ ያልነበራትን ቅጠል ስታወጣ የሚሰማው ደስታ።

አበባው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ታመምሁ። ራስ ምታት ብዬ ጀመርሁት፤ ቀጥሎ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። እማማ ጎረቤት ጠርተው በሞተር ሳይክል ከመካከላቸው አስቀምጠው ይርጋጨፌ አደረሱኝ፤ ከዚያ ዲላ። ታይፎይድ ነው ተባልሁ። ከሆስፒታል ስወጣም መቆም አልችልም ነበርና የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተኛሁ። እናቴ ከአገር ቤት በስልክ ታለቅሳለች። ጓደኞቼ ሾርባ ያመጡልኛል። እኔ ግን ጣራውን እያየሁ የማስበው ቦሎቄውን ነው። ቅጠሎቹ ቢጫ የሚሆኑበት፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣበት ጊዜ አሁን ነው። እማማም ብቻቸውን ናቸው።

በየገበያው ቀን የሰው ስልክ ተበድረው ይደውሉልኛል።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማማ። እርስዎስ?»

«ደህና። በላህ?»

«በላሁ።»

እኔ ስለ ማሳው ለመጠየቅ እፈራለሁ። እሳቸውም አያነሡትም። ስልኩ ይዘጋል።

መራመድ ስችል አማካሪዬ አንድ ሳምንት ጨምሬ እንድተኛ ቢመክረኝም አልሰማሁትም፤ ተነሥቼ ሄድሁ። ሞተረኛው ማጠቢያው ጋ አወረደኝ። ዳገቱን እያረፍሁ ወጣሁት። ከመታጠፊያው በላይ ስደርስ ተዳፋቱ ፊት ለፊቴ ተዘረጋ።

ቢጫ ነበሩ። ምንም እንዳያገኙ የተፈረደባቸው መደቦች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቢጫና አጭር ነበሩ። አጠገባቸው ያሉት አረንጓዴ። ጠባቦቹ መስመሮች ተጨናንቀው ወደ ላይ ተስበዋል፤ ሰፊዎቹ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው መሃላቸው ራቁቱን ይታያል፣ ጎመንም የለበትም። አረሙ በየመደቡ እኩል ተነቅሏል። ጎንበስ ብዬ ቢጫዎቹ ሥር ያለውን አፈር ጫርሁ፤ ቀይ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ከበሽታውም ይሁን ከደስታው አላውቅም።

ቀና ስል እማማ ጀሪካን ተሸክመው ከላይ በኩል፣ በጎረቤት ጓሮ ዞረው ሲመጡ አየኋቸው። ምንጩ ከታች ነው፤ የሁልጊዜ መንገዳቸውም በማሳው ዳር ነበር።

«ምነው በዚያ? ዳገቱ ይብሳል እኮ!» አልሁ።

ጀሪካኑን አወረዱ። መጀመሪያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ምን ያህል እንደከሳሁ አዩ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ማሳው አመለከቱ።

«በዚህ አልሄድም» አሉ። «ያዩኛል። አረም ሳርም ብቻ እገባለሁ፤ ያኔም ዓይኔን መሬት አደርጋለሁ። ውሃ ስቀዳ በዚያ ነው የምሄደው።»

«በየቀኑ? አንቺ...» አልሁ።

ያመለጠኝ ቃል ነበር። እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው እርስዎ ነው፤ አንቺ የምትባለው እናት ብቻ ናት። እማማ ልዩነቱን ይስሙት አይስሙት አላውቅም፤ ጀሪካኑን አንሥተው ቀድመውኝ ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ግን ወደ እርስዎ መመለስ አልቻልሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ አንቺ ናት።

በኅዳር አጨድን። ማጠቢያው በሥራ ላይ ነበር፤ የቀይ ቡና ፍሬው ገለፈት ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው ሽታ፣ ሰፈሩን ሞልቶታል፤ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። እኛ ሁለታችን ብቻ የየመደቡን ቦሎቄ ለየብቻ በጨርቅ ላይ እያደረግን እንወቃለን። ሰፊዎቹ መደቦች ላይ አንዲት እግር ብቻዋን እጅ የሚሞላ ፍሬ ሰጠች፤ ሲደመር ግን ከመሬቱ ስፋት አንጻር ብዙ አልሆነም። ጠባቦቹ በእግር ብዛት ሊያሸንፉ ሞከሩ፤ ግን ከሥራቸው ያሉት ቅርፊቶች ብዙዎቹ ባዶና የሻገቱ ነበሩ። መካከለኛው ርቀት በለጠ። ማዳበሪያው ምርቱን ጨመረ፤ ከግማሹ ወደ ሙሉው ሲኬድ ግን ጭማሪው እንደጠበቅሁት አልነበረም። በዚያ አፈር፣ በዚያ ዝናብ፣ ያገኘሁት መልስ ይሄው ነው። ዓለምን አይለውጥም። ትክክል ስለነበረ ግን እኮራበታለሁ።

ማዳበሪያ ያላገኘውን የመጨረሻ መደብ ስንወቃ እማማ እጇን ትንሿ ክምር ውስጥ ከተተች። ፍሬዎቹ ደቃቆች ነበሩ።

«እነዚህም ወለዱ» አለች።

የመጨረሻውን ክብደት ከጻፍሁ በኋላ ሲባጎውን ጠቀለልሁ፣ ችካሉን ነቀልሁ። ማሳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። በማግሥቱ ከጎረቤት ቅርጫት ተዋስን፤ ከበረቱ ጀርባ ያለውን ፍግ እየዛቅን ቀኑን ሙሉ ስንመላለስ ዋልን። የት ላይ ምን እንደነበረ ሁለታችንም በቃላችን እናውቅ ነበርና እማማ ቅርጫቷን የምትደፋው መጀመሪያ በተራቡት ላይ ነው። እጄም ወገቤም አልታዘዘኝ አለ፤ ገና ከበሽታ መነሣቴ ነው። እሷ እንደ ወጣት ትፈጥን ነበር፤ ዘፈንም ታንጎራጉር ነበር። ስትዘፍን የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥናቴን አቀረብሁ፣ ተመረቅሁ፣ እዚያው ዲላ በመምህርነት ተቀጠርሁ። አማካሪዬ ዛሬ ጎረቤት ቢሮ ያለ ባልደረባዬ ነው፤ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ «ማሳችሁን ለሚጠብቀው ሰው መጀመሪያ አስረዱ» ይላቸዋል እንጂ ታሪኩን አይነግራቸውም። እማማ የቡና ችግኟን ተከለች። ችግኙ እስኪያድግ ድረስ በመሃሉ ቦሎቄ ትዘራ ነበር፤ መስመሩን የምትይዘው በእንሰት ቃጫ በገመደችው ገመድ፣ ርቀቱም ያው መካከለኛው ነው። ቡናው ጥላውን እየጣለ ሲሄድ ቦሎቄው ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ጓሮ ሸሸ፤ በመጨረሻም ጠፋ። እኔም መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በየወሩ፣ አግብቼ ልጅ ስወልድ ደግሞ በበዓል በበዓል ብቻ መሄድ ጀመርሁ። ሕይወት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ማንም ሳያዝዘው መንገዱን ያራዝመዋል።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ስላላት ነጋዴው ልጇ ወደ ገደብ ወስዷት ከነሱ ጋር ትኖራለች። ባለፈው የገና ሰሞን በአውቶቡስ ሄጄ ነበር። ገደብ ብርድ ነው፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዝቼላት ሄድሁ። ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከፊት ለፊቱ ሱቅ አለ። ልጇ እጄን ይዞ አስገባኝና «አማርኛው እየጠፋባት ነው፤ አንዳንዴ እኛንም ታምታታለች፤ እንዳይከፋሽ» አለኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ከማውቃት ይልቅ አንሳ። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ግን ስሜን አልጠራችም። በጌዴኦኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች። የገባኝ ግማሹ ነው፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ዝናብ አገኘሽ ወይ የሚል መሰለኝ። በተሰባበረ ጌዴኦኛዬ መለስሁላት። የልጅ ልጆቿ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

መሬት ላይ ተንበርክኬ ካልሲውን አጠለቅሁላት። እግሮቿ ቀዝቃዛና ቀላል ነበሩ። ጣቶቿን በካልሲው ውስጥ አንቀሳቅሳ አየቻቸው፤ ለምራቷም አሳየቻት። ከዚያ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። አውቶቡሱ ሊሄድ ነው ብሎ ልጇ ሁለት ጊዜ ቢያስታውሰኝም አልተነሣሁም። በኋላ እሱም ትቶኝ ሱቁን ሊዘጋ ወጣ። ምራቷ አልጋ አነጠፈችልኝ። ያን ዕለት ገደብ አደርሁ።